እምቢ ማለት የሚችል አጋር፦ ሮማዎችን በማካተት ሥራ ላይ የተደረገ ዳሰሳ

በ1990ዎቹ ማብቂያ በቼክ ሪፐብሊኳ የኢንዱስትሪ ከተማ በኦስትራቫ አንድ የሮማ ልጅ ለትምህርት ሲደርስ ነገሩ የሚሄደው በታወቀ መንገድ ነበር። ልጁ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ቀርቦ ይፈተናል። ፈተናው በቼክኛ አፉን ለፈታ፣ የሥዕል መጽሐፍ እያገላበጠ ላደገ ልጅ የተሰናዳ ነው። የሮማው ልጅ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣል። ከዚያ ወላጅ ይጠራል። አስቀድሞ የተሞላ ቅጽ ይቀርብለታል፤ ልጄ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ወደተቋቋመው «ልዩ ትምህርት ቤት» እንዲገባ ተስማምቻለሁ የሚል። ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ ቅጹ ላይ አልተጻፈም። ወላጅ ይፈርማል። ልጁም ቀለል ያለ ትምህርት እየተማረ ያድጋል፤ የወደፊት ዕድሉ በዚያች ፊርማ ይጠባል።

በዚያን ጊዜ ከኦስትራቫ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ውስጥ ሮማዎቹ 2.26 በመቶ ብቻ ነበሩ። በልዩ ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ግን 56 በመቶውን ቦታ የያዙት እነሱ ናቸው። አሥራ ስምንት ልጆች ጉዳዩን ስትራስቡርግ ለሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አቀረቡ። በመጀመሪያው ችሎት ተረቱ። መንግሥት ካቀረባቸው መከራከሪያዎች ዋነኛው ወላጆቹ ራሳቸው ፈርመዋል የሚል ነበር። ታላቁ ችሎት ኅዳር 13 ቀን 2007 በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በ13 ድምፅ ለ4 ያንን ውሳኔ ገለበጠው። ወላጆቹ ያለውን አማራጭና የሚከተለውን ውጤት አመዛዝነው የሰጡት ስምምነት መሆኑ አልታየም አለ። ቢሰጡም እንኳ ማንም ሰው በዘሩ ምክንያት ላለመገለል ያለውን መብት በፊርማ ሊያስረክብ አይችልም ሲል ደመደመ።

ይህን ፍርድ ያስቀደምሁት ስለ ሮማዎች ማኅበራዊ አካታችነት ለሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ ስለማገኘው ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዚህ ጉዳይ የወጡ ዕቅዶችን ላገላበጠ ሰው «ከሮማ ማኅበረሰቦች ጋር በአጋርነት» የማይል ሰነድ ማግኘት ይከብደዋል። ስብሰባ ተጠርቷል፣ ፎቶግራፍ ተነስቷል፣ የተገኙት ሰዎች ስም ተመዝግቧል። እኔ የምይዘው መለኪያ ግን ሌላ ነው። አጋር የተባለው ወገን ዕቅዱ ሲቀርብለት «በዚህ መንገድ አይሆንም» ቢል፣ ዕቅዱ ይለወጣል ወይ? የማይለወጥ ከሆነ አጋርነቱ የኦስትራቫው ቅጽ ነው፤ ልዩነቱ አቀራረቡ ብቻ ነው።

ሮማዎች ስማቸው ቢመሳሰልም ከጣልያን ዋና ከተማ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ቅድመ አያቶቻቸው ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ተነስተው በፋርስና በአርመን በኩል ወደ ባይዛንታይን ግዛት የገቡ፣ ከዚያም ከ14ኛውና ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመላው አውሮፓ የተሰራጩ ሕዝቦች ናቸው። ቋንቋቸው ሮማኒ ከሂንዲና ከፑንጃቢ ጋር ይዛመዳል። ዛሬ በአውሮፓ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ስድስት ሚሊዮን ያህሉ የሚኖሩት በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ነው። ሁሉም አንድ አይደሉም። የጀርመን ሲንቲ፣ የስፔን ጊታኖ፣ የሩማንያ ካልዴራሽ፣ በስኮፕዬ ከተማ የሹቶ ኦሪዛሪ ሙስሊም ሮማ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ኑሯቸውም ይለያያል። አብዛኞቹ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ሳይሆኑ ለትውልዶች በአንድ ቦታ ረግተው የኖሩ ናቸው። ስቶክሆልም ወይም ሮም ከተማ የሚኖር ወገናችን የሚያውቃቸው በባቡር ጣቢያ በር ኩባያ ይዘው ከሚቀመጡት ሊሆን ይችላል። ያ ግን የአንድ ሕዝብ ገጽታ ሳይሆን የድህነት ገጽታ ነው። መምህራን፣ ነርሶች፣ ሙዚቀኞች፣ የፓርላማ አባላት የሆኑት ሮማዎች ማንነታቸው ፊታቸው ላይ አልተጻፈምና አይቆጠሩም፤ ብዙዎቹም ለራሳቸው ደኅንነት ሲሉ ዝም ማለትን ይመርጣሉ።

ዝም ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬዋ ሩማንያ ግዛት፣ በዋላኪያና በሞልዳቪያ፣ ሮማዎች ከ14ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1850ዎቹ አጋማሽ ድረስ ባሪያዎች ነበሩ። የልዑላኑ፣ የባላባቶቹና የገዳማቱ ንብረት ነበሩ። የዋላኪያው የመጨረሻ የነፃነት አዋጅ የወጣው በ1856 ነው። በኦስትሪያ ግዛት እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ልጆቻቸውን ከእናቶቻቸው ጉያ እየነጠቀች ለገበሬ ቤተሰቦች እንዲሰጡ አዘዘች። ልብ በሉ፤ ይህ በዘመኑ የተነገረው «ወደ ማኅበረሰቡ ለመቀላቀል» ተብሎ ነው። ከዚያ ናዚ መጣ። የተገደሉት ሮማዎችና ሲንቲዎች ብዛት ከ200,000 እስከ 500,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በነሐሴ 2 ቀን 1944 ሌሊት ብቻ በአውሽቪትስ ቢርከናው የነበሩ ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንት፣ በጋዝ ታፍነው ተገድለዋል።

ለዛሬው የአጋርነት ጥያቄ ከእልቂቱ እኩል የሚመዝነው ከእልቂቱ በኋላ የሆነው ነው። የምዕራብ ጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1956 ከ1943 በፊት በሮማዎችና በሲንቲዎች ላይ የተፈጸመው ስደት በዘር የተነሳ ሳይሆን የፀጥታ እርምጃ ነበር ብሎ ፈረደ፤ በዚህም ብዙ ተጎጂዎች ካሣ አጡ። ፖሊስ በናዚ ዘመን የተሰበሰቡትን መዝገቦች ለዓመታት መጠቀሙን አላቆመም። በ1980 የትንሣኤ በዓል ሰሞን ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎች ያሉባቸው ጥቂት ሲንቲዎች በቀድሞው የዳካው ማጎሪያ ካምፕ ተቀምጠው የረሃብ አድማ መቱ። ወጣቱ ሮማኒ ሮዘ አብሯቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መራሔ መንግሥት ሄልሙት ሽሚት የሆነው የዘር ማጥፋት መሆኑን በመንግሥት ስም አመኑ፤ የጀርመን ሲንቲና ሮማ ማዕከላዊ ምክር ቤትም በዚያው በ1982 ተመሠረተ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ጀርመን ውስጥ አጋርነት የጀመረው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስብሰባ ስለጠራ አይደለም፤ ሲንቲዎቹ «አንበላም» ብለው ስለተቀመጡ ነው። ዛሬ በአውሮፓ ካሉት የአጋርነት ሰነዶች ጠንካራ ከምላቸው አንዱ የመጣውም ከዚያው መሥመር ነው። የባደን ቩርተምበርግ ክልል በ2013 ከክልሉ የሲንቲና ሮማ ማኅበር ጋር የመንግሥት ስምምነት ተፈራርሟል፤ በ2018 ደግሞ ለረጅም ዘመን አድሶታል። ስምምነቱ ለማኅበሩ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ይመድባል፤ ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ምክር ቤትም አቋቁሟል። ገንዘቡ በውል የታሰረ ስለሆነ ማኅበሩ መንግሥትን ቢተችም ቢሮው አይዘጋበትም። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ስሙ እንደሚለው የሚመለከተው የጀርመን ሲንቲና ሮማዎችን ነው፤ ከባልካን ጦርነት ሸሽተው የመጡ የኮሶቮ ሮማዎች በዚያችው ሀገር የመባረር ሥጋት ተሸክመው ኖረዋል።

ወደ ትልልቆቹ አህጉራዊ ዕቅዶች ስንመጣ ታሪኩ ፈጠን ብሎ ሊነገር ይችላል፤ ከወረቀቱ ብዛት የተረፈው ጥቂት ነውና። በ2005 ስምንት የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ መንግሥታት ሶፊያ ላይ ተሰብስበው «የሮማ አካታችነት ዐሥርት» የተባለውን መርሐ ግብር ጀመሩ። የዓለም ባንክና የጆርጅ ሶሮስ ድርጅት ከጀርባ ነበሩ። ትምህርት፣ ሥራ፣ ጤናና መኖሪያ ቤት የሚሉ አራት ዓላማዎች ተቀመጡ፤ የመንግሥታቱም ቁጥር ወደ ዐሥራ ሁለት አደገ። ለትምህርት ከተቋቋመው ፈንድ በቀር ግን ዐሥርቱ የራሱ ገንዘብ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ መንግሥት ከራሱ በጀት እንዲያወጣ ነበር የታሰበው። በ2011 የአውሮፓ ኅብረት እስከ 2020 የሚዘልቅ ማዕቀፍ አወጣ፤ በ2020 ደግሞ እስከ 2030 የሚደርስ ሌላ። በሁለተኛው ላይ «እኩልነት» እና «ተሳትፎ» ራሳቸውን ችለው ዓላማ ሆኑ፤ ፀረ ሮማ ጥላቻም በስሙ ተጠራ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። የቀድሞዎቹ ዕቅዶች ሮማዎች ምን እንደጎደላቸው ሲዘረዝሩ ቆይተው፣ አዲሱ ቢያንስ ሌሎቹ በሮማዎቹ ላይ ምን እንደሚያደርጉ መጠየቅ ጀምሯል።

ገንዘቡ የሚጓዝበት መንገድ ግን አጋርነቱን ከሥር እየበላው ነው። የኅብረቱ ገንዘብ የሚለቀቀው ብዙውን ጊዜ ሥራው ከተሠራና ደረሰኙ ከተመረመረ በኋላ ነው። በአንድ መንደር ያለ፣ በሦስት ሰው የሚንቀሳቀስ የሮማ ማኅበር የወራት ደመወዝ ከኪሱ አውጥቶ ተመላሹን ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ውሉን የሚፈርመው ሒሳብ ሹምና የሕግ ክፍል ያለው ትልቅ ድርጅት ወይም ማዘጋጃ ቤቱ ይሆናል። የሮማው ማኅበር በማመልከቻው ላይ አጋር ተብሎ ስሙ ይሰፍራል፤ ሥራው ሰው መሰብሰብ ነው። ፕሮጀክቱ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ያልቃል። የተቀጠሩት ወጣቶች ይበተናሉ። መንደሩም ቀጣዩን ፕሮጀክት ይዞ ለሚመጣው ሰው ፊቱን ሲያዞርበት፣ ሪፖርቱ «የማኅበረሰቡ ተነሳሽነት አነስተኛ ነው» ይላል።

መቀመጫ ማግኘት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ደግሞ ከሃንጋሪ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሃንጋሪ በ1993 ባወጣችው ሕግ አናሳ ብሔሮች የራሳቸውን የአካባቢ ምክር ቤት እንዲመርጡ ፈቀደች። በአውሮፓ ደረጃ በጣም የተመሰገነ ሕግ ነበር። ሥልጣናቸው ግን በአብዛኛው ሐሳብ ከመስጠት አያልፍም፤ በጀታቸውም ኢምንት ነበር። የባሰው ደግሞ ያኔ በምርጫው ላይ ማንም ሰው መምረጥም መመረጥም ይችል ነበር። ያስላዳኝ በተባለች ከተማ ሮማ ያልሆኑ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከሮማ ልጆች ለመለየት የግል ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ የሮማው ምክር ቤት ተቃወመ። በ2002 ምርጫ ግን ያ ምክር ቤት ሮማ ባልሆኑ ሰዎች እጅ ገባ፤ ከተመረጡት አንዷ የከንቲባው ባለቤት ነበረች። በሕጉ ፊደል ሁሉም ነገር ትክክል ነበር፤ ሮማዎቹ ምክር ቤት አላቸው፤ ምክር ቤቱም ተቃውሞ የለውም። ሕጉ በኋላ ቢሻሻልም ከነገሩ የምንማረው አለ። የሌላውን ድምፅ ወስዶ በስሙ መስማማት የሚቻል ከሆነ፣ የሚወስደው ሰው አይጠፋም።

አሁን ውጤት ወዳሳዩት ሥራዎች ልምጣ። ከሁሉም በላይ ረጅም ዕድሜ ያየው የጤና አገናኝ ሠራተኞች ሥራ ነው። በሩማንያ «ሮማኒ ክሪስ» የተባለው የሮማዎች ድርጅት በ1990ዎቹ የጀመረው ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2002 የመንግሥት የሥራ መደብ አደረገው። አገናኞቹ በአብዛኛው ከዚያው መንደር የወጡ የሮማ ሴቶች ናቸው። በእኛ ሀገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቤት ለቤት የምትዞር፣ በስሟ የምትጠራ፣ እርጉዟን ቀኗን የምትቆጥርላት ሴት ናት። የሮማዋ አገናኝ ግን አንድ ተጨማሪ ሸክም አለባት፤ የምታገናኘው የማይተማመኑ ሁለት ወገኖችን ነው።

ሥራዋን ቀረብ ብለን እንየው። ጠዋት አንዲት እናት ሕፃኗን ለማስከተብ ትፈልጋለች፤ መታወቂያ ግን የላትም። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ያስፈልጋል፤ ቤቷ ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ አድራሻ የለውም። መታወቂያ ከሌላት የጤና መድን የለም፤ መድን ከሌለ በቤተሰብ ሐኪም ዝርዝር ላይ አትገባም። አገናኟ ማዘጋጃ ቤት ትሄዳለች፣ የልደት የምስክር ወረቀት ትፈልጋለች፣ ጸሐፊውን ትለማመጣለች፣ ሐኪሙ አዲስ ሰው እንዲቀበል ታግባባለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሳ የመድኃኒቱን ማዘዣ ለእናትየው በሮማኒ ታስረዳለች፤ ማታ በጎረቤት በኩል የተወራውን የክትባት አሉባልታ ትሰማለች፤ ከሐኪሙ በፊት መልስ የሚጠበቀው ከእሷ ነው። ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራ ሰው በየትኛውም ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም።

ሥራው ሁለት አደጋ አለበት። አንደኛው፣ አገናኟ የመሥሪያ ቤቱ አፍ ብቻ ሆና መቅረቷ ነው፤ ሐኪሙ ለሮማዎች ሲናደድ እሷን ይጠራል፤ መንደሩ በሐኪሙ ሲናደድ በሯን ያንኳኳል፤ ሐኪሙ ግን ጠባዩን አይለውጥም። ሁለተኛው፣ መደቡ ደካማ ነው። በሩማንያ ከ2009 በኋላ ኃላፊነቱ ከሚኒስቴሩ ወደ ማዘጋጃ ቤቶች ሲወርድ የአገናኞቹ ቁጥር ቀነሰ። ከንቲባው የሚቀጥራት ሴት ስለ ከንቲባው ምን ልትናገር ትችላለች? አገናኟ እምቢ ማለት እንድትችል ደመወዟ ከአካባቢው ሹም እጅ ራቅ ማለት አለበት። ስሎቫኪያ ተመሳሳዩን ሥራ በጤና ሚኒስቴር ሥር ባለ አንድ ሀገራዊ ድርጅት ማስተዳደሯ በዚህ ረገድ ብልህነት ነው።

በመኖሪያ ቤት በኩል ከስሎቫኪያ ሌላ ምሳሌ አለ። በምሥራቁ የሀገሪቱ ክፍል፣ ከኮሺትሴ ከተማ ብዙ በማትርቅ ራንኮቭትሴ በተባለች መንደር፣ የሮማ ቤተሰቦች ከእንጨትና ከቆርቆሮ በተጠጋገኑ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። ብዙ እንዲህ ያሉ ሰፈሮች የቆሙት ባለቤትነቱ የሌላ ሰው በሆነ መሬት ላይ ስለሆነ ቤት ማሻሻል ራሱ ሕገ ወጥ ይሆናል። ኢቴፔ የተባለ የስሎቫክ ድርጅት ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተነጋግሮ መሬቱ መስመር ያዘ። ቤተሰቡ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቆጥባል፤ የቁጠባው ልማድ ሲታይ አነስተኛ ብድር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በግንባታ ባለሙያ እየተመራ ቤቱን በገዛ እጁ ይሠራል። ብድሩ ይከፈላል፤ ቤቱም የራሱ ነው። በዚህ ላይ የሚከራከሩ አሉ፤ ድሃውን ለምን ብድር ታሸክሙታላችሁ ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ቤተሰቡ የበሩን ቦታ፣ የክፍሉን ስፋት፣ የሥራውን ፍጥነት የሚወስን መሆኑ ነው። በመንግሥት በነፃ የተሠሩ ብዙ ሕንጻዎች፣ ከከተማ ርቀው፣ ማንም ሳይጠየቅ፣ ለሮማ ብቻ ተብለው ተሠርተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈራርሰዋል።

በዚያው በስሎቫኪያ ስፒሽስኪ ህርሆቭ የምትባል መንደርም በብዙዎች ትጠቀሳለች። በ1998 የተመረጡት ከንቲባ ቭላዲሚር ሌዴትስኪ ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን የግንባታ ድርጅት እንዲያቋቁም አደረጉ፤ ለዓመታት ሥራ ያጡ ሮማዎችም ተቀጠሩ። መንደሩን ያደሱት፣ መንገዱን የሠሩት እነሱ ናቸው። ልጆቹ በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ይህ ምሳሌ ደስ ቢለኝም አንድ ሥጋት አለኝ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቅን ከንቲባ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሌላ መንደር ቅን ከንቲባ ባይኖረውስ?

ያ ጥያቄ መልስ ያገኘው ሩማንያ ውስጥ፣ ክሉዥ በተባለችው የበለጸገች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። በታኅሣሥ 17 ቀን 2010፣ በክረምቱ ብርድ መሃል፣ ኮስተይ ከተባለው መንገድ 76 ያህል የሮማ ቤተሰቦች ተነስተው ከከተማዋ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ወዳለው ፓታ ረት ተወሰዱ። ከተነሺዎቹ መካከል ሥራ የነበራቸው፣ ልጆቻቸው በመሃል ከተማ ትምህርት ቤት የሚማሩ ነበሩ። ለተወሰኑት የተሰጣቸው ጠባብ ክፍል ነው፤ ሌሎቹ ክፍል እንኳ አላገኙም። ሰዎቹ ግን ማኅበር አቋቋሙ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በየዓመቱ በዚያው ቀን በከተማዋ ሰልፍ ይወጡ ጀመር። በኋላ በኖርዌይ መንግሥት ገንዘብ በተካሄደ ፕሮጀክት የተወሰኑት ቤተሰቦች በከተማዋና በአካባቢዋ ወዳሉ መኖሪያ ቤቶች ተዛውረዋል። በጣም ብዙዎቹ እዚያው ቀርተዋል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፤ በብዙ ሰነዶች ውስጥ ተደባልቆ አየዋለሁና። አጋርነት የሚያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ፤ ጭራሽ የማያስፈልጋቸውም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ በ2021 በ10 ሀገሮች ባደረገው ጥናት ከሮማዎቹ 80 በመቶ ያህሉ ለድህነት ሥጋት የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከአምስቱ አንዱ ቤቱ ውስጥ የቧንቧ ውኃ የለውም፤ ከትምህርት ዕድሜ ልጆች ግማሽ ያህሉ ሁሉም ወይም አብዛኞቹ ተማሪዎች ሮማ በሆኑበት ትምህርት ቤት ይማራሉ። አንድ ማዘጋጃ ቤት ቧንቧ ለመዘርጋት የማኅበረሰቡን ተነሳሽነት መጠበቅ የለበትም። ለሌላው ዜጋ ቧንቧ ሲዘረጋ ማን ዐውደ ጥናት ጠራ? በ1999 በቼኳ ኡስቲ ናድ ላቤም ከተማ ማቲችኒ በተባለ መንገድ ላይ የሮማዎቹን ቤት ከጎረቤቶቻቸው የሚለይ ግንብ ቆመ። ግንቡ ከሳምንታት በኋላ የፈረሰው የውይይት መድረክ ስለተከፈተ አይደለም፤ ከውስጥም ከውጭም ግፊት ስለበረታ ነው። ኮቪድ በገባበት በ2020 የቡልጋሪያዋ ያምቦል ከተማ ባለሥልጣናት በሮማዎች ሰፈር ላይ በሄሊኮፕተር ፀረ ተዋሲያን ኬሚካል አስረጩ። እንዲህ ላለው ነገር መልሱ ሕግ ነው። አጋርነት ለመብት ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ሲቀርብ፣ መንግሥት ግዴታውን በሮማዎቹ ትከሻ ላይ ማውረዱ ነው።

በዚያው መጠን፣ ሕግ ብቻውን የማይደርስበት ቦታ አለ። ከኦስትራቫው ፍርድ በኋላ የቼክ መንግሥት ልዩ ትምህርት ቤት የሚለውን ስያሜ አስቀርቻለሁ አለ፤ ስሙ ከፍርዱም በፊት ተለውጦ ነበር፤ ልጆቹ ግን በብዛት እዚያው ቀሩ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2014 በቼክ ላይ፣ ቀጥሎም በስሎቫኪያና በሃንጋሪ ላይ የሕግ ጥሰት ሒደት ጀመረ፤ ስሎቫኪያን በ2023 ወደ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ወሰዳት። ትምህርት ቤት ሲቀላቀል ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ያሸሻሉ። የሮማ ልጅም ብቻውን በጠላቶች መሃል መግባቱን ይፈራል። ይህን ፍርሃት የሚፈታው ዳኛ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠች ሮማኒ የምትናገር ረዳት መምህርት ናት።

አንዳንዴ ደግሞ ሮማዎቹ ራሳቸው ፈጽሞ ያልተጠበቀ አጋር ይፈልጋሉ። በሰሜን ምሥራቅ ሃንጋሪ ሻዮካዛ መንደር በ2007 የተከፈተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከሕንዳዊው ዶክተር አምበድካር ነው፤ ከሕንድ የተገለሉ ወገኖች፣ ከዳሊቶች፣ ወጥቶ የሀገሪቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ዋነኛ ከሆነው ሰው። መምህራኑና የመንደሩ ወጣቶች ራሳቸውን በዳሊቶች ታሪክ ውስጥ አይተው ግንኙነት ፈጠሩ፤ የቡድሂስት ማኅበረሰብም አቋቋሙ። ዓላማው ከሌላ ትምህርት ቤት የተገፉ የሮማ ወጣቶችን ለማትሪክና ለዩኒቨርሲቲ ማድረስ ነው። የትኛውም የብራስልስ ባለሙያ ይህን ሐሳብ በዕቅዱ ውስጥ አያስገባውም ነበር። በራሳቸው መንገድ ሲፈቀድላቸው ምን እንደሚያስቡ የሚያሳይ ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

የቆጠራ ጉዳይም አለ። ገንዘብ ለመመደብና ውጤት ለመለካት ቁጥር ያስፈልጋል፤ የአውሮፓ ኦዲተሮች ፍርድ ቤት በ2016 ባወጣው ሪፖርት አስተማማኝ መረጃ አለመኖሩን እንደ ትልቅ ጉድለት ጠቅሶታል። ሮማዎቹ ደግሞ መቆጠርን ይፈራሉ። በናዚ ጀርመን ሮበርት ሪተር የመራው የዘር ጥናት ተቋም የሰበሰበው የትውልድ ሐረግ ዝርዝር ወደ ካምፕ የሚጋዙትን ለመለየት አገልግሏል። ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ በ2013 የስዊድን ጋዜጣ ዳገንስ ኒሄተር የስኮነ ፖሊስ ከ4,000 በላይ ሮማዎችን፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በቤተሰብ ሐረግ አሰናድቶ መዝግቦ መያዙን አጋልጧል። ስዊድን ሮማዎችን ከአምስቱ ሀገራዊ አናሳ ሕዝቦቿ አንዱ አድርጋ የተቀበለች፣ የሃያ ዓመት የአካታችነት ስልት የነደፈች ሀገር ናት። ስለዚህ ቆጠራ ከተባለ መጠይቁን የሚያዘጋጁት፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ውስጥ ሮማዎች መኖር አለባቸው። ያለዚያ የሚገኘው መልስ ዝምታ ነው፤ ዝምታቸውም ትክክል ነው።

አጋር ማን ነው የሚለውን ደግሞ ሳንነካው ማለፍ አይቻልም። መሥሪያ ቤቶች አንድ መሪ፣ አንድ ስልክ ቁጥር ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት በዕድሜ የገፋ ወንድ ነው፤ አንዳንዴም በመንደሩ በወለድ የሚያበድረው ሰው ራሱ። የሮማ ሴቶች ከውጭም ከውስጥም ሁለት ጊዜ ይታለፋሉ። ሆኖም ባለፉት ሃያ ዓመታት በዚህ ዘርፍ ከታዩት ድሎች ሁሉ ትልቁን ያመጡት ሴቶች ናቸው።

በቼኮስሎቫኪያ፣ ከዚያም በተተኪዎቿ ሀገሮች፣ የሮማ ሴቶች ያለ ፈቃዳቸው እንዲመክኑ ይደረግ ነበር። እዚህም ፊርማ ነበረ። በ2011 ስሎቫኪያ ስትራስቡርግ በተረታችበት መዝገብ ላይ እንደተገለጸው፣ በሆስፒታል ምጥ ላይ ያለች ወጣት ሴት እንድትፈርም ተደርጋለች፤ በሕክምና ካርዷም ላይ የሮማ ተወላጅ መሆኗ ሰፍሯል። በኦስትራቫ ተመሳሳይ ግፍ የደረሰባቸው ሴቶች፣ ከመካከላቸው አንዷ የሆነችውን ኤሌና ጎሮሎቫን ይዘው፣ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አደባባይ ወጡ። ብዙዎቹ ለባሎቻቸው እንኳ ተናግረው የማያውቁትን ነገር በካሜራ ፊት ተናገሩ። የቼክ ሕዝብ እንባ ጠባቂ በ2005 ምርመራ አደረገ፤ መንግሥት በ2009 መጸጸቱን ገለጸ፤ ካሣ ግን የለም አለ። ሴቶቹ በጸጸት መግለጫው አልረኩም። ፓርላማው በ2021 ለእያንዳንዷ ተጎጂ 300,000 ክሮና የሚከፈልበትን ሕግ አጸደቀ። ማመልከቻው ሲጀመር የጤና ሚኒስቴሩ የሆስፒታል መዝገብ አምጡ አለ፤ ብዙ ሆስፒታሎች ደግሞ የዘመኑን መዝገብ አስወግደውታል። ማመልከቻቸው ውድቅ የሆነባቸው ሴቶች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቶቹም መዝገብ ጠፋ ማለት ግፉ አልተፈጸመም ማለት አይደለም፣ ሌላ ማስረጃ፣ የሴትየዋ የራሷ ቃልም ጭምር፣ ሊመዘን ይገባል አሉ። የማመልከቻው ጊዜም ተራዝሟል፤ ሴቶቹ እርስ በርስ እየተረዳዱ ቅጹን እየሞሉ ነው።